ለሁለት ብቻ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የጥንዶች ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

የመጀመሪያው ጉዟችን በሦስት ቀን አራት ሐይቅ ነበር። ቢሾፍቱ ቁርስ፣ ዝዋይ ላይ ጀልባ፣ ላንጋኖ አዳር፣ ሐዋሳ አዳር። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር። ስንመለስ ስልካችን በፎቶ ሞልቷል፤ እኛ ግን ቃሊቲ ስንደርስ ተኳርፈናል። ምክንያቱ አንዱ ማረፊያ ተረስቶ የቀረ ቻርጀር ነው። የቻርጀር ጉዳይ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ደክሞን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወጥተናል። በወጣን ቁጥር ዕቅዱ እያጠረ መጣ። አሁን አንድ ሐይቅ መርጠን፣ ሁለት ሌሊት አድረን እንመለሳለን። በቃ። ይህ መመሪያም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ማዳረስ ለሚፈልግ ሰው ብዙም አይጠቅመውም።

1. መጀመሪያ ሌሊቱን ቁጠሩ፣ ሐይቁን ከዚያ ምረጡ

ብዙ ሰው ከቦታው ይጀምራል። «ሐዋሳ እንሂድ» ይላል፤ ስንት ቀን ፈቃድ እንዳለው የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው። ገልብጡት። ስንት ሌሊት አላችሁ?

አንድ ሌሊት ብቻ ካላችሁ ቢሾፍቱ ነው፤ ሌላ አታስቡ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ በአንድ ሰዓት ትደርሳላችሁ። ከተማው የተቆረቆረው በጥንት የእሳተ ገሞራ አፎች መካከል ነው። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ የሚባሉት ሐይቆች ሁሉ በእነዚያ ጎድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ብዙዎቹ ማረፊያዎች አፋፉ ላይ ስለተሠሩ ውሃውን ቁልቁል እያያችሁ ቡና ትጠጣላችሁ። ጉዳቱም ቅርበቱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግማሹ አዲስ አበባ እዚያ ይወርዳል። ቁርስ ላይ አለቃችሁን ብታገኙት አትደንግጡ። ከቻላችሁ እሑድ ከሰዓት ገብታችሁ ሰኞ ውጡ፤ ያው ቦታ ሌላ ቦታ ይሆናል።

ሁለት ሌሊት ካላችሁ ላንጋኖ። ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የእኔ ምርጫ ይኼ ነው፤ አላፍርበትም። ከተማ የለውም። የሚዞር ገበያ፣ የሚታይ ሕንፃ፣ «እዚያም እንሂድ» የሚያሰኝ ነገር የለም። ሁለት ሰዎች ምንም ሳይሠሩ የሚቀመጡበት ቦታ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የውሃው ቀለም መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ ቡናማ ነው፣ ሻይ በወተት ይመስላል። ቆሻሻ አይደለም፤ በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር ደቃቅ አፈር ነው።

ሦስት ሌሊት ካላችሁ ሐዋሳ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመኪና አራት ሰዓት ተኩል፣ አምስት ሰዓት ያዙለት። ለአንድ ሌሊት ሐዋሳ ሄዶ መመለስ ማለት ሁለቱን ቀን መኪና ውስጥ ማሳለፍ ማለት ነው። ቀኑ ከሌላችሁና ሐዋሳ ካልሆነ የሚል ካለ ከአዲስ አበባ የአውሮፕላን በረራ አለ። ሐዋሳ እንደ ላንጋኖ ጭር ያለ አይደለም። ሐይቁ ዳር የእግር መንገድ አለ፣ የዓሣ ገበያ አለ፣ ማታ ሰው ወጥቶ ይንሸራሸራል። ከአንዳችሁ አንዱ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይችል ከሆነ (ሁልጊዜ አንዱ እንደዚያ ነው) ሐዋሳ ይስማማችኋል።

ዝዋይስ? ባቱ ከተማ ዳር ያለው ሐይቅ ደሴቶች አሉት። ከሁሉ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚያ ሸሽታ ቆየች የሚል ትውፊት አለ፤ ደሴቶቹ ላይ ደግሞ የዛይ ሕዝብ ይኖራል። በጣም ደስ የሚል ቦታ ነው፤ ግን ረጅም የጀልባ ጉዞ አለው። ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ጉዟችሁ አቆዩት።

2. ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?

ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ ክፍል ስትይዙ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የሐዋሳ ከተማ ያለው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ስትቀመጡ ፊታችሁ ወደ ምዕራብ ነው፤ ፀሐይ ውሃው ላይ ስትጠልቅ ታያላችሁ። ላንጋኖ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዋናው መንገድ በምዕራብ በኩል ስለሚያልፍ አብዛኞቹ ማረፊያዎች በምዕራቡ ዳርቻ ናቸው። ከዚያ ሆናችሁ የምታዩት ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ፣ ከአርሲ ተራሮች በኩል ስትወጣ ነው። እናንተ የማለዳ ሰዎች ናችሁ ወይስ የማታ? ሦስት ሰዓት ድረስ የሚተኙ ጥንዶች ስለ ላንጋኖ ንጋት ብሰብክላቸው ዋጋ የለውም።

ሰዓቱ በዓመት ውስጥ ብዙ አይዋዥቅም። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ሐምሌ ላይ ወደ 12 ሰዓት ከ45። ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድፍን ጨለማ ነው። «ገላችንን ታጥበን እንወርዳለን» ካላችሁ ያመልጣችኋል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበራችሁን ያዙ።

ላንጋኖ ለምትሄዱ አንድ ምስጢር ልጨምር። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ያውም በተቃራኒው አቅጣጫ። በምዕራቡ ዳርቻ ከሆናችሁ ጨረቃዋ ከሐይቁ ማዶ ቀስ ብላ ብቅ ትላለች። መጀመሪያ ቀይ ናት። ከዚያ ብርቱካን ትመስላለች። ነጭ እስክትሆንና ብርሃኗ ውሃው ላይ እስኪዘረጋ ድረስ ማንም አያወራም። በሚቀጥለው ቀን ወደ 50 ደቂቃ ዘግይታ ስለምትወጣ ከሙሉ ጨረቃ ቀን ጀምሮ ያሉት ሁለት ምሽቶች ጥሩ ናቸው። ከሙሉ እስከ ሙሉ 29 ቀን ተኩል ነው፤ በየወሩ ዕድሉ አላችሁ ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ የጨረቃዋን ቀን አይታችሁ ፈቃድ ሙሉ። ለአለቃችሁ ግን ምክንያቱን አትናገሩ።

3. የማትሄዱባቸውን ቀኖች አውቃችሁ ተዉአቸው

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ይዘንባል፤ ቢሆንም እንደ አዲስ አበባ አይከፋም፤ ደግሞ ማረፊያዎቹ ይቀላሉ። ዝናብ እያዩ በረንዳ ላይ መቀመጥ የሚወድ ሰው ካለ ክረምቱን አትናቁት።

ከአየሩ ይልቅ የሚያስቸግረው ሕዝቡ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትም እንደዚያው። ማረፊያው ጥሩ ግቢ ካለው ቅዳሜ ቀን ሠርግ ይኖረዋል፤ ሠርግ ካለ ሞንታርቦ አለ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ሐዋሳ ከየአገሩ በመጣ ምዕመን ትሞላለች። ለንግሡ የምትሄዱ ከሆነ ደስ ይላል፤ ለጸጥታ ከሆነ ሌላ ሳምንት ፈልጉ። ፍቼ ጨምበላላም አለ፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፤ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ቀኑን አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ስለሚወስኑት ሆቴሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ ይህን የመሰለ አጋጣሚ የለም፤ ክፍል ግን በጊዜ ያዙ።

ሰኔን ደግሞ እኔ በግሌ እፈራዋለሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በጀት ሳያልቅ ወርክሾፕ ይበዛል፤ ወርክሾፑ ደግሞ የሚወደው ቢሾፍቱንና ሐዋሳን ነው። አንገቱ ላይ ባጅ ካንጠለጠለ ሰው ጋር ለቁርስ መሰለፍ ፍቅር አይቀሰቅስም።

4. ክፍሉን በስልክ ያዙ፣ በደንብም ጠይቁ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደክሞን አንድ ማረፊያ ደረስን። በሩን ስንከፍት ሁለት ጠባብ አልጋ፤ መካከሉ ላይ ኮመዲኖ። ለሁለት ሰው ብዬ ነበራ የያዝኩት! ሌላ ክፍል የለም ተባልን። አልጋዎቹን ገፍተን አጋጠምናቸው፤ ሌሊት ግን መካከሉ ላይ ገደል ተፈጠረ። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ስለዚህ «ደብል» በሚለው ቃል አትተማመኑ። አንዳንዱ ለአንድ ሰፊ አልጋ ይለዋል፤ አንዳንዱ ሁለት አልጋ ላለው ክፍል። ስልኩ እንዲህ ይሁን፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ ለዓርብና ለቅዳሜ ማታ ክፍል ፈልጌ ነበር። ለባለትዳር ነው።»

«ደብል አለን ጌታዬ።»

«ደብል ስትዪ አንድ ትልቅ አልጋ ነው ወይስ ሁለት አልጋ፣ እህቴ?»

«አንድ ትልቅ።»

«ሐይቁ ከክፍሉ ይታያል? ከክፍሉ ማለቴ ነው፤ ከግቢው አይደለም።»

«ከበረንዳው ይታያል።»

«ቅዳሜ ሠርግ ወይም ስብሰባ አለባችሁ?»

እዚህ ላይ ዝም ካለች መልሱን አገኛችሁ። ቀጥላችሁ ከአዳራሹ የራቀ ክፍል ጠይቁ። ጄኔሬተሩ የት እንዳለም ጠይቁ፤ መብራት ሲጠፋ ከመስኮታችሁ ሥር የሚነሳ ጄኔሬተር የሻማ እራቱን ያበላሸዋል። ሙቅ ውሃ ሌሊትም አለ ወይ? አልጋው አጎበር አለው ወይ? እነዚህን ሁሉ መጠየቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ደርሶ መጨቃጨቅ ነው።

ዋጋውን ሲነግሯችሁ «ቫትና ሰርቪስ ያካትታል?» በሉ። ብዙ ቦታ የሚጠራው ዋጋ አያካትትም። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል 6,000 ብር ተባለ እንበል። 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 6,600 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 990 ብር ነው። ጠቅላላው 7,590። ለሁለት ሌሊት 15,180 ማለት ነው፤ እናንተ ግን 12,000 ብላችሁ ነው ከቤት የወጣችሁት። ምግቡም ላይ እንደዚሁ ሊጨመር ይችላል። ቁርስ መካተቱን፣ ላንጋኖ ከሆነ ደግሞ እራቱንም ጠይቁ፤ እዚያ ከግቢው ወጥታችሁ የምትበሉበት ቦታ እምብዛም የለም።

ቀብድ ከጠየቋችሁ በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩና ደረሰኙን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የላካችሁበትን ስም፣ ያናገራችሁን ሰው ስም፣ የተባባላችሁትን ዋጋ በጽሑፍ መልእክት አረጋግጡ። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀድሞም ደውሉ።

መታወቂያ! ሪሴፕሽን ላይ የሁለታችሁንም ይጠይቃሉ። የአንዱ ቤት ቀርቶ ተመልሰው የመጡ ሰዎች አውቃለሁ።

5. ሰርፕራይዝ ወይስ ምክክር?

እኔ ሙሉ ሰርፕራይዝ አልወድም። ፊልም ላይ ያምራል። ኑሮ ላይ ግን «ተነሺ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ» የተባለች ሴት መጀመሪያ የምታስበው ፀጉሯን፣ ሁለተኛ የልጆቹን ምሳ፣ ሦስተኛ ሰኞ የምታስረክበውን ሥራ ነው። ወንዱም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። ቀኑን ንገሩ፤ ቦታውን ደብቁ ከፈለጋችሁ። ወይም ቦታውን ንገሩና አንድ ትንሽ ነገር ደብቁ። እኛ ቤት ተራ አለን፤ አንዱ ማረፊያውን ይመርጣል፣ ሌላው መንገድ ላይ የሚሰማውን ሙዚቃ። ማንም የሌላውን ምርጫ አይተችም። (ይተቻል፤ ግን በልኩ።)

ብሩን ግን አትደብቁ። ከመውጣታችሁ በፊት ጠቅላላውን ቁጥር ሁለታችሁም እወቁት። እራት ላይ ሜኑውን በቀኝ በኩል ብቻ የሚያነብ ሰው፣ ማለትም ዋጋውን፣ አብሮ የተቀመጠውንም ያሳቅቃል። እኛ በጀቱን ሁለት ቦታ እንከፍላለን፤ ክፍልና መንገድ አንድ ላይ ይያዛል፣ ምግብና መዝናኛ ለብቻው ይያዛል። ሁለተኛው ሲያልቅ አለቀ። ጥሬ ብርም ያዙ፤ ጀልባ ነጂና መንገድ ዳር ሐብሐብ የሚሸጥ ልጅ ሁልጊዜ በስልክ አይቀበሉም።

ልጆች ካሏችሁ አያት ቤት አድርሷቸው፤ ሞግዚት ይዞ መሄድ ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን «ለሁለት ብቻ» አይባልም።

6. ሻንጣው

አንድ ሻንጣ ለሁለት ሰው ይበቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ላንጋኖ ወደ 1,600፣ ሐዋሳ ወደ 1,700። ቀን ላይ ሙቀት ነው፣ ስስ ልብስ ያዙ፤ ለማታ ሐይቁ ዳር አንድ ጋቢ ለሁለት። ሁለት አትያዙ፤ ምክንያቱን ለእናንተ ተውኩት። ባትሪ፣ የወባ ትንኝ የሚከላከል ቅባት፣ የፀሐይ ክሬም፣ ክፍት ጫማ፣ ካርታ ወይም ዳማ።

7. መንገዱ

ዓርብ ከሥራ ወጥቶ መነሳት ይፈታተናል። አታድርጉት። ዓርብ አመሻሽ ላይ ከከተማ መውጣት ብቻውን ሁለት ሰዓት ሊበላ ይችላል፤ ከዚያ የቀረውን በጨለማ ነው የምትነዱት። ወይ ዓርብ ግማሽ ቀን ፈቃድ ውሰዱና 6 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ወይ ቅዳሜ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ። ቅዳሜ በማለዳ የወጣ ሰው ለቁርስ ሞጆ ወይም ባቱ ነው።

ነዳጅ አዲስ አበባ ሙሉ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ የስልካችሁን ቻርጅም አብራችሁ ሙሉ። እስከ ሞጆ የአዳማውን የክፍያ መንገድ ትይዛላችሁ፤ ከሞጆ ደግሞ ወደ ባቱ የሚወስደው የክፍያ መንገድ አለ። እዚህ ድረስ ጉዞው ለስላሳ ነው። ከባቱ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባጃጅ፣ የአህያ ጋሪ፣ የከብት መንጋ፣ ከባድ መኪና፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ነው። እዚህ ላይ የሚነዳው ሰው ዝም ይበል፤ የማይነዳውም አያዋክበው።

የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ ቢሾፍቱ በሚኒባስ ቀላል ነው፤ ቃሊቲ መናኸሪያ ሂዱ። ሐዋሳም አውቶቡስ አለው። ላንጋኖ ይከብዳል። ከዋናው መንገድ እስከ ሐይቁ ድረስ የሚወስድ ጥርጊያ ስላለ ማረፊያው መጥቶ ይቀበላችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሻንጣ እየጎተቱ በአቧራ መሄድ የጫጉላ ፎቶ አያወጣም።

በዚያ ሳምንት መንገዱ እንዴት እንደሆነ ከሆቴሉና በመስመሩ ከሚሠሩ ሹፌሮች ጠይቃችሁ ተነሱ። በቀን ተጓዙ።

እኛ መኪና ውስጥ አንድ ሕግ አለን። እስከ ሞጆ ድረስ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ መሥሪያ ቤት የፈለጋችሁትን ማውራት ይቻላል። ማማረርም ይፈቀዳል። የክፍያ በሩን ካለፍን በኋላ ግን እነዚህ ሦስቱ አይነሱም፤ ያነሳ ሰው ቡና ይከፍላል። የመጀመሪያው ጊዜ እኔ አራት ቡና ከፈልኩ።

8. ከደረሳችሁ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ምሽት

ምንም አታቅዱበት። ጀልባም፣ ፍል ውሃም፣ ጉብኝትም የለም። ክፍላችሁን እዩ፤ የማትወዱት ነገር ካለ ሻንጣው ሳይፈታ ተናገሩ። አንዴ አልጋው ላይ ከተኛችሁ በኋላ ክፍል ማስቀየር ይከብዳል። ከዚያ ሐይቁ ዳር ውረዱ። ተቀመጡ። ስልካችሁን ክፍል ተዉት፤ «ፎቶ ላንሳ» ብሎ የወጣ ስልክ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ይገባል።

በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዝምታው ያስጨንቃል። ለዓመታት የምታወሩት ስለ ቤት ጣጣ ከሆነ ሌላ ወሬ ቶሎ አይመጣም። አትደንግጡ፤ ይመጣል። የእኛ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የታዘዘው ዓሣ ሲዘገይ ነው። (እውነትም ይዘገያል፤ ሳይርባችሁ እዘዙ።) ዓርብ ከሆነና የምትጾሙ ከሆነ የጾም ምግብ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ግን ለቤታችሁ አቆዩት፤ በእኛ ጠረጴዛ እስካሁን አልተፈታም።

9. ሁለተኛው ቀን፦ አንድ ነገር ብቻ

አንድ። ጠዋት።

ሐዋሳ ከሆናችሁ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ሂዱ፤ ፀሐይ ሳይጠነክር። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት የያዙትን ይዘው ይመጣሉ። ልጆች በሚያስገርም ፍጥነት ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይልጣሉ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራና ረጃጅም ወፎች፣ ልክ ተራ እንደያዘ ሽማግሌ ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ። ዓሣው ሲወረወር ግን ሽምግልናው ይቀራል። ትኩስ የዓሣ ሾርባ በብርጭቆ ይሸጣል፤ ሚጥሚጣው ዓይን ያስለቅሳል። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሁለቴ ፉት ብላ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሁለተኛውን ለብቻዋ ጨረሰች። ጥሬ ዓሣ የሚበሉም ታያላችሁ፤ እናንተ የበሰለውን ብሉ። የሆድ ሕመም የጫጉላ ጠላት ነው። ከሰዓት ደግሞ ታቦር ተራራ ወጥቶ ከተማውንና ሐይቁን ማየት ይቻላል፤ ከቻላችሁ ግን ተኙ።

ላንጋኖ ከሆናችሁ ሁለት ምርጫ አለ። ወይ ምንም፤ ወይ አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ። በሩ ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ሰጎን ከበሩ አካባቢ ታያላችሁ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው፤ ዳርቻው ላይ ፍል ውሃ ይፈላል። አቢጃታ ግን ያሳዝናል። ውሃው በጣም ሸሽቷል፤ ድሮ ሐይቅ የነበረው ሜዳ ሆኗል። ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ የተወሰደው ውሃ ጎድቶታል። የፍላሚንጎ መንጋ ለማየት ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ከተገኘ ተገኘ። የፓርኩን አስጎብኚ ያዙ፤ ጨው የለበሰው መሬት ከላይ ደረቅ መስሎ መኪና ይውጣል።

ቢሾፍቱ ከሆናችሁ ባቦጋያ ላይ ጀልባ። በቃ። የከተማውን የአየር ኃይል ግቢ ግን ፎቶ አታንሱ። የትም ብትሄዱ ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም።

ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ተለያዩ። ይህን ስመክር ሰዎች ይስቃሉ። አንዱ ይተኛ፣ አንዱ ይዋኝ ወይም መጽሐፍ ያንብብ። ሃያ አራት ሰዓት ትከሻ ለትከሻ መሆን ያልለመዱ ጥንዶች በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መነጫነጭ ይጀምራሉ፤ ሰዓቱን ማለት ይቻላል አውቀዋለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሲመሽ ስትገናኙ የምታወሩት ይኖራል።

10. ከውሃው ጋር ጨዋታ የለም

ላንጋኖ ለመዋኘት የሚመረጠው ከቢልሃርዚያ (በውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል ከሚገባ የትል በሽታ) ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ነው። ሐዋሳና ዝዋይ ግን ቢልሃርዚያ አለባቸው፤ እዚያ የምትዋኙት በመዋኛ ገንዳ ብቻ ይሁን። ዳር ላይ እግር ነክሮ መቆየትም አይመከርም። ላንጋኖም ቢሆን የት እንደሚዋኝ ማረፊያውን ጠይቁ፤ ለብቻ ርቃችሁ አትግቡ፤ ጠጥታችሁ ፈጽሞ አትግቡ።

ጀልባ በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ «ቅርብ ነው፣ ችግር የለም» ቢላችሁም። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፤ ለሰው ነው ወይስ ለጀልባ፣ ለስንት ደቂቃ? ሐዋሳ ላይ ጉማሬ ለማየት ስትሄዱ ነጂው እንዲጠጋ አትገፋፉት። ጉማሬ ሲያዩት የተኛ ይመስላል፤ ሲነሳ ግን ጀልባ ይገለብጣል።

እነዚህ ሐይቆች በሙሉ ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው፤ ስለዚህ የወባ አገር ነው። አጎበሩን አውርዳችሁ ተኙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ለሐኪሙ «ላንጋኖ ነበርን» ብላችሁ ንገሩት።

11. መመለሻው

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው መኪና ብዙ ነው። ወይ ቁርስ በልታችሁ በጊዜ ውጡ፣ ወይ ሰኞን ጨምሩ። ሰኞ ጠዋት ፈቃድ ማግኘት ከቻላችሁ ሰኞን ጨምሩ፤ የእሑድ ማታ ሐይቅ ባዶ ነው፣ አስተናጋጆቹም ጊዜ አግኝተው ያጫውቷችኋል። መንገድ ላይ መቂ አካባቢ ሐብሐብና ቲማቲም ርካሽ ነው፤ ለእማማ አንድ ኩንታል ሽንኩርት መጫን ግን ጉዞውን ወደ ገበያ ይለውጠዋል። አንድ ሐብሐብ ይበቃል።

ሂሳቡን ማታውኑ ጠይቁና በረጋ መንፈስ አንብቡት። ጠዋት ሻንጣ ተይዞ፣ መኪና ተነስቶ የሚነበብ ሂሳብ ያጨቃጭቃል። ክፍሉን ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ እዩ። አንዳችሁ የአልጋውን ቀኝ፣ አንዳችሁ ግራውን። ቻርጀሩ ብዙ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው።